የገጠር ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ጥገና፦ ጎንደርና ዙሪያዋ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ከካህናትና ከምእመናን ደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

ደብራችን ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ናት። ቅርስ ልትባል ትችላለች?

አዎ። ቅርስ ማለት ቱሪስት የሚመጣበት ቦታ ብቻ አይደለም። ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም በፋሲል ግቢ ስም የመዘገበው ስምንት ቦታዎችን ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴና ቁስቋም እዚያ ውስጥ አሉ። ከመዝገቡ ውጭ የቀረው ግን እጅግ ይበዛል።

ጎንደርን ሁላችንም አርባ አራቱ ታቦት እያልን እንጠራታለን። በ1880 ዓ.ም ደርቡሽ ገብቶ ብዙዎቹን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች አዳኑት ይላሉ አባቶች። ዛሬ ከተማው ውስጥ የምናያቸው ብዙዎቹ ከቃጠሎው በኋላ እንደገና የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ የድሮው አሠራር፣ ማለትም ክቡ ሕንጻ፣ የወይራው ምሰሶ፣ በጭድና በጭቃ የተመረገው ግድግዳ፣ ሳይነካ ሊገኝ የሚችለው እሳቱ ባልደረሰበት ገጠር ነው። "የኛዋ እኮ ትንሽ ናት" የምትሏት ደብር ከተማው ያጣውን ይዛ ይሆናል።

ገንዘብም ባለሙያም የለንም። ከየት እንጀምር?

ከውሃ ጀምሩ። ገንዘብ አይጠይቅም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጥል ጃንጥላ ያዙና ቤተ ክርስቲያኑን ዙሩት። ውሃው ከየት ይወርዳል? የት ያርፋል? የት ይቋጠራል? በበጋ ከመቶ ሰው ጠይቃችሁ የማታገኙትን መልስ በአንድ ዙር ታገኛላችሁ።

አንድ ክረምት ከደብራችን ቄሰ ገበዝ ጋር እንዲህ ዞርን። አሸንዳው ከሩቅ ሲያዩት ደህና ነበር። ሰሜን በኩል ስንደርስ ግን ውሃው አሸንዳውን ዘሎ የግድግዳው እግር ላይ ይወርዳል። ቄሰ ገበዙ መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ ተከሉት፤ ስንዝር ያህል ሰመጠ። ዝም ብለው አዩኝ። መሰላል አምጥተን ስንወጣ አሸንዳውን የደፈነው የወፍ ጎጆ ሆኖ ተገኘ። ጎጆውን ለማንሳት ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። ስንት ክረምት እንደዚያ እንደቆየ ግን እግዜር ይወቀው።

ሌላው የመሬቱ ከፍታ ነው። ቅጠሉ፣ አፈሩና ፍርስራሹ በዓመታት ብዛት ግድግዳው ሥር ይከመራል። ውስጡ ከውጭው ዝቅ ብሎ ከሆነ ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ግድግዳው ዙሪያ ውሃውን አርቆ የሚወስድ ትንሽ ቦይ ያስፈልጋል። ሰኔ ሳይገባ በደቦ ይወጣል። ጥልቅ አታድርጉት፣ መሠረቱንም አትንኩ። መቃብር ያለበትን ቦታ አስቀድማችሁ ከሽማግሌዎች ጠይቁ። ግድግዳ ተጠግቶ የሚሠራ የሲሚንቶ መቃብርንም ከአሁኑ መከልከል ይሻላል፤ ዝናቡን እንዳለ መልሶ ግድግዳው ላይ ይረጨዋል።

ግድግዳውን በሲሚንቶ ብንለስነው አይጠነክርም?

አይጠነክርም። ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። የድሮው ግድግዳ በድንጋይና በጭቃ፣ አንዳንዴም በኖራ የተገነባ ነው። ክረምት ውሃ ይጠጣል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ይህን ትንፋሽ ይደፍነዋል። ውሃው ከመሬት መግባቱን አያቆምም፤ መውጫ ነው የሚያጣው። ውስጥ ያለው ጭቃ ይላላል። እርጥበቱ ሽቅብ ይወጣና ሥዕሉ ጋ ይደርሳል። ከውሃው ጋር የመጣው ጨው እንደ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይወጣና ቀለሙን ይልጠዋል።

እኛ ጋ የሆነውን ልንገራችሁ። ከተማ ያሉ የአገራችን ልጆች አዋጥተው ላኩ። ልቡ ንጹሕ የሆነ ስጦታ ነበር። ልስኑ ለመስቀል ደረሰ፤ ነጭ ቀለም ተቀባና አበራ። ሁላችንም ደስ አለን። በሁለተኛው ክረምት ግድግዳውን በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። በሦስተኛው የምሥራቁ ልስን ሰሌን በሚያህል ስፋት ወደቀ። ብቻውን አልወደቀም፤ የድሮውን ምርጊት ይዞት ነው የወረደው። ከኋላው ያለው ጭቃ በእጅ የሚዛቅ ሆኖ ነበር። በዚያ ምርጊት ላይ የድሮ መራጊ የአምስት ጣት አሻራ ነበረበት። ልጆች ሆነን እጃችንን እዚያ ላይ እየለካን እንጫወት ነበር። አሁን የለም።

ይህ የገጠር ችግር ብቻ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የፋሲል ግቢ ሕንጻዎች በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ተጠግነው ነበር። ኋላ የመጡ ጠጋኞች ያንን ሲሚንቶ እያነሱ በኖራ መተካት ነበረባቸው። የእናንተም ቀድሞ ተለስኖ ከሆነ ግን አትደንግጡ፣ መዶሻም አታንሱ። በአንድ ጊዜ ሲነሳ ግድግዳውን ይዞ ይመጣል። አስቀድማችሁ ውሃውን አርቁ፤ ከዚያ የሚያውቅ ሰው እያየው የላላውን ብቻ፣ ከታች ጀምሮ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይነሳ።

ታዲያ በምን እንጠግነው?

መጀመሪያ በተሠራበት ነገር። ጭቃ ከሆነ በጭቃ፣ ኖራ ከሆነ በኖራ። ጭቃውን የሚያውቁ ሰዎች አሁንም በየመንደሩ አሉ። የጤፍ ጭድ ገብቶበት፣ በደንብ ተረግጦ፣ ቀናት ከርሞ ሲበስል ነው የሚያዘው። ትኩስ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። እነዚህን ሰዎች ሳያልፉ ፈልጓቸው፣ ወጣቶችንም ከጎናቸው አሠሩ።

ኖራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል፤ ልጆችን አርቁ። በውሃ ከበረደ በኋላ ጉድጓድ ውስጥ ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ይቆይ፤ ብዙ በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ የተለመደ ልክ ነው። ከተቀባ በኋላ ቶሎ እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ ይሸፈንለት። ሥራውን ከጥቅምት እስከ የካቲት ጨርሱት፤ ክረምት ላይ የተቀባ ኖራ ይታጠባል። ከተቻለ ግንበኛውን ጎንደር ላይ በግንቡ ጥገና ከሠሩት መካከል ፈልጉ። እጃቸው ኖራ ለምዷል።

የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ እንቀይረው?

እዚህ ላይ ክርር ማለት አልፈልግም። ሣር ክዳን ቆንጆ ነው፤ ውስጡን በሙቀት ቀዝቃዛ፣ በብርድ ሞቃት ያደርገዋል፤ የዝናብ ድምፅ ቅዳሴውን አይውጠውም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ እስከ ዛሬ በሣር የተከደነ ነው። ግን በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፣ ሰንበሌጡ እንደ ድሮ አይገኝም፣ እሳትም ያስፈራል። ሣሩን ማደስ ካልቻላችሁ የሚያፈስ ሣር ይዞ ከመቆየት ቆርቆሮ ይሻላል።

ከቀየራችሁ ግን ሦስት ነገር አትርሱ። ቆርቆሮ ውሃውን በአንድ ጊዜ ስለሚያወርድ አሸንዳ የግድ ነው፤ ውሃውንም ወደ ሮቶ አስገቡት፣ ለግቢው ዛፍ ይሆናል። ከሥሩ አየር መዘዋወሪያ ተዉ፤ አለዚያ ሌሊት የሚጠራቀመው ጤዛ ሥዕል ላይ ይንጠባጠባል። ጉልላቱን ደግሞ አውርዳችሁ አትጣሉት። የሰጎን እንቁላሉ ሳይቀር ፎቶ ተነስቶ ወደ ቦታው ይመለስ።

ሥዕሎቹ በጭስ ጠቁረዋል። ብናጥባቸው ወይም ሠዓሊ ቢያድሳቸውስ?

አትንኳቸው። በእርጥብ ጨርቅም፣ በሳሙናም፣ በቤንዚንም። ብዙዎቹ የጎንደር ዘመን ሥዕሎች በሸራ ላይ ተሥለው ከመቅደሱ ግድግዳ ጋር የተጣበቁ ናቸው። ቀለሙ የተያዘው በሙጫ ነው፤ ውሃ ሲነካው ይለቃል። ጥቁረቱን ያነሳችሁ መስሏችሁ የቅዱሱን ፊት ታነሳላችሁ። ሠዓሊ መጥቶ በላዩ ላይ አዲስ ቀለም ከቀባ ደግሞ የሚታየው የእሱ ሥዕል ነው፤ የአባቶች ሥዕል ከሥሩ ታፍኖ ይቀራል።

ልታደርጉት የምትችሉት ብዙ ነገር አለ። ጧፍ ከሥዕሉ ይራቅ፤ በአሸዋ የተሞላ ገንዳ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ወይም ደጅ ላይ ይቀመጥለት። መጋረጃው በከፈቱትና በዘጉት ቁጥር ሥዕሉን እንዳይፍቀው ከግድግዳው አራት ጣት ያህል ይራቅ። ለበዓል ጌጥና ለአምፖል ሲባል ሥዕል ላይ ምስማር አይመታ። (ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የመልአኩ ክንፍ ላይ ነበር።) ሸራው ከግድግዳው ተላቆ ከተንጠለጠለ በማስቲሽ አታጣብቁት፤ እንዳይቀደድ ከታች ደግፉትና ባለሙያ ጥሩ።

አንድ ሰው መጥቶ "አሮጌውን ስጡኝና በምትኩ አዲስ ላሥልላችሁ" ቢላችሁ የአባ እንጦንስን ታሪክ አስታውሱት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932፣ በእኛ በ1924 እና 25 ዓ.ም መካከል፣ በማርሴል ግሪዮል የተመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ላይ ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን አንስቶ በምትካቸው ቅጂ አስቀመጠ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ያኔም አሮጌ በአዲስ መለወጥ ጥሩ ውል መስሎ ነበር።

ምስጥና የሌሊት ወፍ አስቸግሮናል። ምን ይሻላል?

ምስጥ ከመሬት የጭቃ መንገድ ሠርቶ ነው የሚወጣው። መንገዱን በየሳምንቱ ጥረጉ። ምሰሶና በር አፈር እንዳይነካ ከሥሩ ድንጋይ ይግባ። የማገዶ ክምር፣ የድሮ እንጨትና የተበላ ሣጥን ግድግዳ ሥር አታከማቹ። የተበላ እንጨት ሲቀየር በጽድ ወይም በወይራ ይቀየር፤ ባሕር ዛፍ ቶሎ ይበላል።

የሌሊት ወፍ ኩስ ቀለም ይበላል። ማታ ለመኖ ወጥተው ሲያልቁ ቀዳዳውን በሽቦ ወንፊት ዝጉት፤ ግልገል ባላቸው ጊዜ ግን አትዝጉ፣ ውስጥ ሞተው ይሸታሉ።

ግድግዳው ላይ ዛፍ በቅሏል። እንንቀለው?

በጣት ውፍረት ሳለ ንቀሉት። ከዚያ ካለፈ ግን አትጎትቱት። ሥሩ በድንጋዮቹ መካከል ገብቶ ይዟቸዋል፤ ሲጎተት ግድግዳው አብሮ ይመጣል። የፋሲልን ጥምቀተ ባሕር አጥር ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ግንቡና የዛፉ ሥር ተቃቅፈው የትኛው የትኛውን እንደያዘ አይለይም። ግንዱን ቆርጣችሁ እንደገና ሲያቆጠቁጥ እየቆረጣችሁ አድክሙት። የግቢውን ጽድና ወይራ ግን ጠብቁ፤ ከግድግዳው እስከራቁ ድረስ ነፋስ ይሰብራሉ፣ አፈር ይይዛሉ።

የብራና መጻሕፍቱንና ንዋያተ ቅድሳቱን እንዴት እንጠብቅ?

መጀመሪያ ያላችሁን እወቁ። ብዙ ደብር ዕቃ ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ በወረቀት የለውም፤ ሁሉም ያለው በአንድ ሽማግሌ ቄሰ ገበዝ ጭንቅላት ውስጥ ነው። እሳቸው ሲያርፉ ዝርዝሩም አብሮ ያርፋል። በስልክ ካሜራ እያንዳንዱን ዕቃ አንሱ፤ የመጽሐፉን የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጽ፣ የመስቀሉን ሁለት ገጽታ፣ ጭረትና ስብራቱን ሳይቀር። ቁመቱን በሜትር ለኩ፣ ቁጥር ስጡት። የተሰረቀ ዕቃ ሲያዝ "የኛ ነው" ብላችሁ የምታስመልሱት በዚህ ነው። ቅጂው ለደብሩ፣ ለሀገረ ስብከቱና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይድረስ። ፎቶውን ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ግን አትለጥፉ። ሌባም ስልክ አለው።

ብራናን በፕላስቲክ አትጠቅልሉ፤ ይታፈናል፣ ይሻግታል። በማኅደሩ ወይም በንጹሕ ነጠላ ይጠቅለል። ከወለልና ከግድግዳ ይራቅ። እርጥብ ከሆነ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ እያገኘው፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ።

ለመጠገን የማንን ፈቃድ እንጠይቅ?

በሁለት በኩል ነው። በቤተ ክርስቲያን በኩል ሰበካ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ይወስናል፤ ከዚያ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከዚያ ሀገረ ስብከት። በመንግሥት በኩል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ጥገና አስቀድሞ እንዲፈቀድ ያዛል። የምትሄዱት ወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው፤ እነሱ ወደ ላይ ያስተላልፉታል። አሸንዳ ማጽዳትና ቦይ ማውጣት የዘወትር እንክብካቤ ነው። ግድግዳ፣ ጣራ፣ ምሰሶና ሥዕል ሲነካ ግን ደብዳቤ ጻፉ።

መልስ ሊዘገይ ይችላል። እስከዚያው ሊወድቅ የደረሰውን በእንጨት ደግፉት፤ የሚያፈሰውን በሸራ ሸፍኑት። ድጋፍ ምንም ሳያበላሽ ተመልሶ ይነሳል።

መቅደሱ ውስጥ ግንበኛ መግባት አይችልም። እንዴት ይጠገናል?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ከውጭ የሚመጡ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ይረሱታል። ትልቅ ሥራ ከሆነ መቃኞ፣ ማለትም ጊዜያዊ ቤተ ክርስቲያን፣ ይሠራል፤ ታቦቱ በሥርዓቱ ወደዚያ ይዛወርና ቅዳሴው እዚያ ይቀጥላል። ይህን የሚወስኑት አባቶች ናቸው። መቃኞው ላይ አትሰስቱ። ሥራው ከታሰበው በላይ ሁሌም ይረዝማል፤ ሁለት ክረምት የሚችል ይሁን።

ትንሽ ጥገና ከሆነ ክህነት ካላቸው መካከል እጅ ያለው ይፈለግ። በገጠር ቀን ግንበኛ፣ ሌሊት ቀዳሽ የሆነ ቄስ ወይም ዲያቆን አይጠፋም። ባለሙያው ከመቅደሱ ውጭ ባለው ክፍል፣ በቅድስት፣ ቆሞ ፎቶውን እያየ ይመራቸዋል። እኛ እንዲህ አድርገን የመቅደሱን የሰሜን ጥግ ጠግነናል። ሁለት ዲያቆናት አሁን ጭቃውን ከኔ በላይ ያውቁታል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የጥገና ብር ከሕንጻ ማሠሪያ ይለይ። ሰው አዲስ ነገር ሲባል ደስ ብሎት ይሰጣል፤ አሸንዳ ሲባል ግን ልቡ አይነሳም። ስለዚህ ከዓመታዊው ንግሥ ገቢና ከሙዳየ ምጽዋት ላይ ትንሽም ብትሆን ቁርጥ ያለ ድርሻ ለጥገና ይመደብ። ለእያንዳንዱ ብር ሕጋዊ ደረሰኝ ይቆረጥ፤ ሒሳቡ በንግሡ ቀን በአደባባይ ይነበብ። ጉልበቱን፣ ድንጋዩን፣ ጭዱንና ውሃውን ሕዝቡ በደቦ ይችለዋል። ውጭ አገር ላሉ ልጆቻችሁ ደግሞ ስትለምኑ የሚታይ ነገር ላኩላቸው፤ የቀዳዳውን ፎቶ፣ ከዚያ የተደፈነውን ፎቶ። የሰጡት የት እንደገባ ያየ ሰው ደግሞ ይሰጣል።

ሕዝቡ በዝቷል፣ አሮጌው አይበቃንም። አፍርሰን ሰፊ ብንሠራስ?

ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። በዝናብ ደጅ ቆመው የሚያስቀድሱ እናቶችን እያየ "አሮጌው አይነካ" ብሎ የሚሞግት ሰው መልስ ማምጣት አለበት። የኔ መልስ ይህ ነው፦ አዲሱን ከጎኑ ሥሩት። አሮጌው ቦታውን ይያዝ።

አክሱም ላይ ተደርጓል። የድሮዋን ጽዮን ማርያም ያሠሩት የጎንደርን ግንብ ያሠሩት ዐፄ ፋሲል ናቸው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ትልቁን አዲሱን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ የፋሲልን አላፈረሱም፤ አጠገቡ ሠሩ። ሁለቱም ዛሬ ቆመዋል። እናንተም አዲሱ ካለቀ በኋላ አሮጌው ውስጥ በዓመት በታወቁ ቀናት ይቀደስ፣ ወይም አባቶች ከፈቀዱ ዕቃ ቤት ይሁን። ጭራሽ ከተዘጋ ግን ቶሎ ይሞታል፤ ገብቶ የሚያየው ሰው የሌለው ጣራ ሲያፈስ ማንም አይሰማም።

ቦታ ካጣችሁ ደግሞ ዙሪያውን መጠለያ መሥራት አለ። ከግድግዳው ተለይቶ በራሱ ምሰሶ ይቁም፤ ውሃው ወደ ውጭ ይፍሰስ። ከአዲስ ሕንጻ በብዙ ይረክሳል። እናቶችም በሚቀጥለው ክረምት ከዝናብ ይድናሉ፤ አዲስ ሕንጻ ቢሆን አምስትና ስድስት ዓመት ይጠብቁ ነበር።

እኛ ጋ ቀድሞ ፈርሷል። አሁን የሚደረግ ነገር አለ?

አለ፤ ግን ፍጠኑ። የወይራ ምሰሶውና በሩ ለማገዶ ወይም ለአጥር ሳይሄድ ሰብስቡ። የተጠረበ ድንጋይ ካለ፣ በተለይ ቀዩ የመስኮትና የበር ቅስት ድንጋይ፣ ለአዲሱ መሠረት ሙሌት አይግባ። እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ጻፉና ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ጣራ ሥር አኑሩት። ሥዕል ያለበት የሸራ ቁራጭ ካለ አትጠፉት፤ ሰፊ ጣውላ ላይ ዘርጉት።

ከዚያ መሪጌታውንና አሮጊቶቹን አንድ ቀን ሰብስቡና ቡና ይፈላ። በሩ ወደ የት ነበር? ስንት ምሰሶ ነበረው? የትኛው ቅዱስ በየትኛው ግድግዳ ተሥሎ ነበር? በስልክ ቅረጹ፣ በወረቀትም ሣሉት። በሠርግና በክርስትና ፎቶ ጀርባ ላይ የድሮው ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ ከየቤቱ አልበም ይፈለግ። አንድ ደብር ላይ የጣራውን ቅርጽ ያገኘነው ከአንዲት እናት የጥምቀት ፎቶ ነው፤ እሳቸው ፊት ለፊት ቆመዋል፣ ከትከሻቸው በላይ ጉልላቱ ይታያል።